አርባኛው ጣት

እትዬ ሶሊያና ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ሞቱ፤ ወፍጮ ቤት ሰፈር እፎይ አለ።

ሲሰሙት ይከብዳል፣ ግን የሆነው እሱ ነው። ሴትዮዋን የሚጠላ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ እንደውም በሰፈሩ እንደሳቸው የሚወደድ አልነበረም። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የድሮ ሰው ናቸው፣ ስማቸውም እንደ እኩዮቻቸው የድሮ ስም ነው። በ2085 ዓ.ም. ሶሊያና፣ ኤማንዳ፣ ናሆም፣ ሮቤል የሚባሉት ሁሉ ከዘራ ይዘው በየበሩ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌና አሮጊቶች ናቸው። ነገሩ ምንድነው፣ ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት በወፍጮ ቤት አንድም ሰው አልሞተም ነበር። ከካቻምና ጀምሮ አልሞተም።

ስለዚህ ከሐምሌ ወዲህ ሰዉ የእትዬ ሶሊያናን ጤና መጠየቅ አበዛ። አንዱ ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ትራሳቸውን ታስተካክላለች፣ ሌላው ደግሞ በር ላይ ቆሞ አተነፋፈሳቸውን ያዳምጣል። እሳቸው መቼም ሞኝ አይደሉም።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«አለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላሉ፣ ከዛ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ወለላ ያፌት ይሄን ሁሉ ታያለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የወፍጮ ቤት እድር ጸሐፊ ናት። በየሳምንቱ ዓርብ ለማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ ትሞላለች። «በዚህ ሳምንት የሞተ ሰው» ይላል ቅጹ። «የለም» ብላ ትጽፋለች። ያንን «የለም» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ያህል ጽፋዋለች፣ በጻፈችው ቁጥር ደግሞ ትንሽ ታፍርበታለች፤ ምክንያቱም ስትጽፈው ቅር እንደሚላት ታውቃለች።

ለገሀርቡ ከአዲስ አበባ በባቡር አርባ ደቂቃ ነው። ትልቅ አይባል፣ ትንሽ አይባል፣ ሰው ለማደር የሚመጣበት ከተማ ነው። ሠላሳ አንድ ሰፈር ነበረው፣ የሁሉም ስም ደግሞ ከሌለ ነገር የመጣ ነው። ወፍጮ ቤት ወፍጮ የለም። አሸዋ ተራ አሸዋ የለም። ዋርካው ጋ ዋርካ የለም፣ ኬላው ጋ ኬላ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ይሄ ነገር አልገባውም ወይ ከበደው፣ ብቻ ደንብ አወጣ። አንድ ሰፈር በዓመት አንዴ፣ በለቅሶ ወይም በሙት ዓመት ድንኳን፣ አርባ ሰው በአካል ካስቆጠረ ስሙ ይቀጥላል። ካላስቆጠረ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የድንኳኑ ሜዳ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ይሆናል፣ እድሩ ይፈርስና ሰዉ ጎረቤት እድር ውስጥ ይደለደላል። ደብዳቤው በጣም ጨዋ ነበር። «ሕዝብ በአካል የማያለቅስበት ቦታ መጠሪያ አያስፈልገውም» ይላል፣ ከስሩ ማኅተም አለው።

ለምን ለቅሶ ከተባለ፣ ሌላው ሁሉ አልቆ ነው። ሠርግ በጥላ ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የብርሃን ምስሉን ይልካል። ስብሰባ በጥላ ነው። ወላጆች ትምህርት ቤት የሚጠሩት በጥላ ነው። ለቅሶም ላይ ቢሆን ጥላው ይበዛል። ጥቁር ለብሶ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይደረደራል፣ በመረጡለት ደረጃ ያለቅሳል። ደረጃ አንድ አንገት መድፋት ነው፣ ደረጃ ሁለት እንባ፣ ደረጃ ሦስት ደረት መምታት። መስመር ሲቆራረጥ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ነጠላ ጣል ያደርግበታል፣ ነጠላው ግን መሬት ላይ ነው የሚወድቀው።

ለዚህ ነው ቆጠራው በንፍሮ የሆነው። ጥላ ንፍሮ አይበላም። ቆጣሪው ፊት አንድ ጭብጥ ትበላለህ፣ የሟቹን ስም ትናገራለህ፣ ሌባ ጣትህ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይቀባልሃል። ቀለሙ እስከ መስከረም አንድ አይለቅም። አንድ ሰው በዓመት አንድ ድንኳን ላይ ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ አለቀ።

ጳጉሜ ሲደርስ እንግዲህ የከተማው ጣት ሁሉ ሰማያዊ ነው። ሰው ሲጨባበጥ ዓይኑ ጣት ላይ ነው። ሽማግሌ የላከ ወንድ «ልጁ ምን ይሠራል?» ከመባሉ በፊት «ጣቱ ንጹሕ ነው?» ይባላል።

ወለላ ግን ለስሙ ብላ አልነበረም እንቅልፍ ያጣችው። ለምሰሶው ነው። በየሰፈሩ መግቢያ ላይ ሰው ሲያልፍ የሰፈሩን ታሪክ የሚናገር ምሰሶ አለ፤ የወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ላይ ያለው ድምፅ የአባቷ ነው። አባቷ ያፌት ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ወፍጮ ቤት ደርሰናል» ይላል። «እዚህ ጋ በ1998 ዓ.ም. አንድ ወፍጮ ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ወረፋ ላይ ለነበረች ሴት ልጇ መሞቱ ተነገራት። ሰልፉ እንዳለ ጆንያውን ጥሎ ተከትሏት ሄደ። ከቀብር ሲመለሱ እድር አቋቋሙ። የአባል ቁጥር የተሰጠው...» እዚህ ጋ ያስላል። ሁለት ጊዜ። «ይቅርታ። የአባል ቁጥር የተሰጠው በወረፋው ቅደም ተከተል ነው።»

ማዘጋጃ ቤቱ ሳሉን ቆርጠን እናውጣው ብሎ ነበር፣ እድሩ እምቢ አለ። ወለላ ጠዋት ሥራ ስትሄድ አባቷ ያስላል። ስትመለስ ያስላል። ሰፈሩ ቁጥር ከሆነ ምሰሶው ላይ ያለው ድምፅ ይደመሰሳል።

ከመንገዱ ማዶ አሸዋ ተራ ነው። የአሸዋ ተራ እድር ጸሐፊ ሐመልማል ትባላለች፣ ከወለላ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው ተቀምጠው የተማሩት። የነሱ ምሰሶ ላይ ያለችው ደግሞ የሐመልማል እናት ናት፤ እሷም የለችም። አንድ አሸዋ የጫነ መኪና አሳስቶ ሠርግ ድንኳን ላይ እንዴት እንደገለበጠ፣ ሙሽራው እንዴት ተቆፍሮ እንደወጣ ትናገራለች፣ «ሚዜው ግን» የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቅ ያሸንፋታል። ሚዜው ምን እንደሆነ በትክክል የሰማ ሰው የለም።

«ያንቺ አባት ዛሬም አልዳነም?» ትላለች ሐመልማል፣ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ።

«ያንቺስ እናት ዛሬም አልበቃትም?» ትላለች ወለላ።

እንዲህ ነው የሚጠያየቁት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ።

ታዲያ እትዬ ሶሊያና በሞቱበት በዛው ቀን፣ አሸዋ ተራ ደግሞ ጋሽ ሮቤል ሞቱ። ሁለቱም ድንኳን ጳጉሜ ሦስት ቀን ሊቆጠር ሆነ። መዝጊያው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ጳጉሜ ሦስት፣ አራት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥላና ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ነበረ። ሠላሳ ዘጠነኛው የእትዬ ሶሊያና የወንድም ልጅ ነው፣ ከአዳማ በስንት ልመና የመጣ። ቆጣሪው ድንቁ ይባላል፤ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው፣ በቀን ሁለት ሦስት ድንኳን ስለሚውል ንፍሮ ማየት አስጠልቶታል። ቀለሙን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያዛጋል።

የወለላ ስልክ ጮኸ። ሐመልማል ናት።

«ስንት ሆናችሁ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ። እናንተስ?»

«እኛም ሠላሳ ዘጠኝ! ግን አንድ ሰው እየመጣልኝ ነው። የጋሽ ሮቤል የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ከሐዋሳ። እዛ እኮ እንደዚህ ዓይነት ደንብ የለም፣ ጣቱ ጥርት ያለ ነው። ደርሻለሁ ብሏል። አንቺስ?»

«እያፈላለግኩ ነው።»

«አይዞሽ ወሌ፣ እስከ ዘጠኝ ሰው አይጠፋም።»

ወለላ ስልኩን ሳታስቀምጥ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ባርኔጣ። ገና ከደጅ «አብሮ አደጌን! አብሮ አደጌን!» እያሉ ነው የገቡት፣ በድሮ ሰው አለቃቀስ፣ ከሆድ። ደረጃ ሦስቶቹ ጥላዎች ራሱ አጠገባቸው ቀልድ መሰሉ። ሴቶቹ ተነስተው አብረው አለቀሱ፣ አንዷ እጃቸውን ይዛ ወደ ወንበር ወሰደቻቸው። ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ለቅሶ ላይ ማን ነህ ይባላል እንዴ?

ሽማግሌው ተቀምጠው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዛ ቀና ብለው ድንኳኑ መሀል የቆመውን ፎቶ አዩ። እትዬ ሶሊያና ናቸው፣ በወጣትነታቸው፣ የፀሐይ መነጽር አድርገው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው እንደገና አዩ። ወለላ ፊታቸው ሲቀየር አየችና ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ የማን ለቅሶ ነው?»

«የእትዬ ሶሊያና።»

«የሮቤል አይደለም?»

«አይደለም።»

«አሸዋ ተራ አይደለም እንዴ?»

«ወፍጮ ቤት ነው። አሸዋ ተራ ማዶ ነው፣ መንገዱን ተሻግሮ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ከባቡር ጣቢያው ሹፌር አልባ መኪና ያዝኩና ለቅሶው ጋ ውሰደኝ አልኩት። እዚህ አወረደኝ። እኔ ናሆም፣ እንደዛ ጮኼ! አሁን በምን ዓይኔ ነው የምነሳው? ያቺ ሴትዮ እጄን ይዛ አልቅሳልኛለች እኮ። አሁን ተነስቼ ብወጣ ምን ትላለች?»

«ልክ ነዎት» አለች ወለላ።

«ትንሽ ቆይቼ፣ ሰው ሳያይ ቀስ ብዬ ሹልክ እላለሁ። ማዶ ነው ያልሽኝ አይደል?»

ወለላ ጣታቸውን አየች። ባርኔጣው ጠርዝ ላይ ነበር፣ ረጅም፣ የታጠበ፣ ምንም የሌለበት።

ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ክንዳቸውን ይዛ ብታሻግራቸው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ተመልሳ ነበር። ይሄንን አስባዋለች፣ አላሰበችውም አይባልም። ከዛ እንዲህ አለች፦

«ንፍሮ ሳይቀምሱማ ነውር ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። በሳቸው ዕድሜ ያለን ሰው ነውር የሚለው ቃል ወንበር ላይ እንደሚሰፋው ታውቃለች። ሄዳ በትሪ አመጣች፣ ስንዴና ሽንብራ፣ ገና ትኩስ።

«አይ ልጄ፣ እኔ እንኳ...»

«በሞቴ። አንድ ጭብጥ።»

«በሞቴ ካልሽማ።» በሉ።

ድንቁ ከሩቅ አይቶ እየተጎተተ መጣ። «አዲስ ሰው ናቸው? በልተዋል?»

«እየበሉ ነው» አለች ወለላ።

«የማን ለቅሶ ነው አባት?»

ጋሽ ናሆም ወደ ወለላ ዞሩ። ወለላ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

«የ... የሶሊያና» አሉ።

«ጣት።»

ሰጡት። ቀባቸው። አርባ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ?» አሉ ጣታቸውን ከፍ አድርገው እያዩ።

«መምጣትዎን የሚያሳይ ነው» አለች ወለላ። ውሸት አይደለም።

ከዛ ምሳ ቀረበ፣ ከምሳ በፊት የሚነሳ ሰው ደግሞ የለም። ከምሳ በኋላ ያቺ እጃቸውን የያዘችው ሴትዮ መጥታ ስለ ሐዋሳ አሣ ጠየቀቻቸው። ወለላ ስልኳን አንዴ ታያለች፣ አንዴ ትደብቃለች፤ ሐመልማል መልእክት በመልእክት ላይ ትልካለች።

«መኪናው አድርሻለሁ ይላል። ሰውየው የሉም።»

«ስልካቸው ዝግ ነው። ለቅሶ ላይ ስለሆኑ ዘግተውት ነው እንዳልል ለቅሶው እኮ እኔ ጋ ነው!»

«ወሌ፣ መንገድ ላይ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አላየሽም?»

ወለላ ይሄኛውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «አላየሁም» ብላ መለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ድንቁ ቀለሙን ከደነው። ወፍጮ ቤት በስሙ ቀጠለ፤ ሰዉ ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።

አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ናሆም ሁሉንም ተሰናብተው፣ ወለላን ግንባሯን ስመው መኪና ውስጥ ገቡ። «አሸዋ ተራ» አሉት።

«አሸዋ ተራ የሚባል ቦታ የለም» አለ መኪናው። «ምድብ አሥራ ሦስት ማለትዎ ነው?»

«ምንድነው የሚለው ልጄ?»

ወለላ ወደ ማዶ አየች። ሰዎች ድንኳን እያጠፉ ነበር። «ለቅሶው ተነስቷል ጋሼ» አለች። «ሰዉም ሄዷል። ባቡር እንዳያመልጥዎት።»

ጋሽ ናሆም ጣታቸውን አዩ። «ሮቤል ይቀየመኛል» አሉ።

በማግስቱ ወለላ መንገዱን ተሻግራ የአሸዋ ተራ ምሰሶ አጠገብ አለፈች። ተመልሳ እንደገና አለፈች። ምንም አላለም።

መስከረም ሲጠባ የአሸዋ ተራ ሰዎች ወፍጮ ቤት እድር ውስጥ ተደለደሉ። ሐመልማል ምክትል ጸሐፊ ሆነች፤ ከወለላ ጋር እንደ ልጅነታቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። አሪፍ ጸሐፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ስትገባ «ያንቺ አባት ዛሬም አልዳነም» ትላለች፣ ወለላ ፈገግ ትላለች። የሚመለስ መልስ ግን የለም፣ ስለዚህ ወረቀት ታገላብጣለች።

አሸዋ ተራዎች ያንን ሰውዬ አልረሱትም፤ ሐመልማል በኋላ ብትደውልለትም አላነሳም። አንድ ሰው ከቀጠሮ ሲያረፍድ «አንተ የሐዋሳ ሰውዬ» ይባላል። ወጥ ላይ ጨው ሲረሳ እንኳ «የሐዋሳው ሰውዬ ይዞት ይመጣል» ይላሉ። ወፍጮ ቤቶችም አባባሉን ወደዱት። ወለላም ትስቃለች፣ ሁሉም ሲስቅ ነው የምትስቀው።

ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በጥር ሌላ ጨዋ ደብዳቤ ላከ። ሰፈሩ ስለሰፋ ከእንግዲህ የሚቆጠረው ሰማንያ ሰው ነው።

በዛ ዓመትም ሰው አልሞተም። የቀረው የእትዬ ሶሊያና ሙት ዓመት ነው፣ ጳጉሜ አንድ። ሐመልማልና ወለላ ስም ዝርዝሩን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ፤ የሁለቱን ሰፈር ሰው፣ የአዳማውን የወንድም ልጅ፣ ራሳቸውንም ጨምረው ሰባ ዘጠኝ ሆነ።

«አንድ ሰው ብቻ!» አለች ሐመልማል፣ እስክሪብቶ ጥርሷ ላይ አድርጋ። «ዘመድ የለሽም አንቺ? ንጹሕ ጣት ያለው? የኔ ሰፈር ሄዷል፣ ያንቺ ሲሄድ ቆሜ አላይም።»

ወለላ ዝርዝሩን አጣጠፈች። «አንድ የእትዬ ሶሊያና ወዳጅ አሉ» አለች። «እጠይቃቸዋለሁ።»

ማታ ደወለች። ጋሽ ናሆም ድምፅዋን ወዲያው አወቁት። «አሁን እንኳ እግሬም...» ሲሉ «በሞቴ» አለቻቸው። እሺ አሉ። የወለላ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይቀባሉ፣ የስምንት ሰዓቱ ባቡር ላይ ታሳፍራቸዋለች።

ሙት ዓመት እንደ ለቅሶ አይደለም፣ ወሬ አለበት። ይሄንን ነው ወለላ የረሳችው።

ጋሽ ናሆም በሰባት ሰዓት ደረሱ፣ በዛችው ባርኔጣ። ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀመጡ። ወለላ ንፍሮ ልታመጣላቸው ስትል ድንቁ ጠራት፤ ቅጹ ላይ ፊርማ ጎድሎ ነበር። ስትመለስ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ነው።

«ከዛ ቀና ብዬ ፎቶውን ባይ» ይላሉ ጋሽ ናሆም፣ «ሮቤል የፀሐይ መነጽር አድርጎ፣ ሊፕስቲክ ተቀብቶ!»

«ኧረ በስመአብ!» አለ አንዱ።

«አይገርምም? እኔ እኮ ያን ሁሉ ያለቀስኩት በተሳሳተ ድንኳን ነው። ተነስቼ እንዳልወጣ ይሉኝታ ያዘኝ። እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ! ምሳ በላሁ! ይኸው አሁን ደግሞ ለሙት ዓመቷ መጣሁ፣ በሕይወት እያለች አይቻት አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ከሳቅ ብዛት ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሐመልማል ትሪ ይዛ ቆማ ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ።

«የማን ለቅሶ ነበር የሚሄዱበት ጋሼ?» አለች።

«የሮቤል። አብሮ አደጌ። አሸዋ ተራ የሚባል ሰፈር ነበር አሉ።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከሐዋሳ።»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ቆመ፣ ከዛ ከሌላው። የአሸዋ ተራ ሰዎች ማኘክ አቆሙ። ጥላዎቹ ብቻ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የደረሱት?»

«አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ምነው ልጄ? ይቺ ልጅ ናት ያስተናገደችኝ፣ እግዜር ይስጣት። የሟቿን ስም እንኳ በከንፈሯ የነገረችኝ እሷ ናት።» ባርኔጣቸውን ወደ ወለላ አነሱላት።

ሐመልማል ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም።

«አላየሁም ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ» አለች ወለላ።

ይኸው ነው የተነጋገሩት። ሐመልማል ጎንበስ ብላ የጋሽ ናሆምን ክንድ ያዘች። «ይነሱ ጋሼ። የጋሽ ሮቤል ለቅሶ እዚህ አይደለም። ላሳይዎት።»

«አሁን? ሰው ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ኧረ እኚህ አልተቀቡም!» አለ ድንቁ። «አንቺም አልተቀባሽም! ሰባ ሰባት ላይ ነን፣ ሦስት ሰው ነው የቀረው፣ የት ነው የምትሄዱት?» ሁለቱ ጸሐፊዎች ዘንድሮ ከሥራ ብዛት ገና አልተቀቡም፤ ሦስቱ ሰዎች ጋሽ ናሆም፣ ሐመልማልና ወለላ ናቸው።

ሁለቱ ወጡ። ድንኳኑ በሙሉ ወደ ወለላ ዞረ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው።

«ሂጂ ለምኛቸው» አለች አንዷ የወፍጮ ቤት ሴትዮ። «በእግዜር፣ ሂጂ መልሻቸው።»

ወለላ ወጣች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ አባቷ ጀመረ። ወፍጮ ቤት ደርሰናል። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ወረፋውን፣ ጆንያውን፣ ሳሉን ሁለት ጊዜ፣ ይቅርታውን። ከዛ መንገዱን ተሻገረች።

የአሸዋ ተራ ድንኳን ይተከልበት የነበረው ሜዳ ላይ አሥራ ስድስት መኪና ተሰክቶ ቆሟል። ሐመልማልና ጋሽ ናሆም ሁለት መኪና መሀል ቆመዋል። «የቱ ጋ ነበር?» ይላሉ እሳቸው፣ ሐመልማል በእጇ ታሳያቸዋለች። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አብሮ አደጌን!» አሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

ወለላ ቃሉ አፏ ላይ ነበር። በሞቴ ይመለሱ ብትላቸው ይመለሱ ነበር፣ እምቢ አይሉም፣ የሳቸው ዕድሜ ሰው እምቢ አይልም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ድንቁ ነው።

ሐመልማል የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሐመልማል አላየቻትም። አልተነሳችም ደግሞ።

«ስለ አሸዋው መኪና ንገሪያቸው» አለች ወለላ።

«ለምን?»

«አያውቁትም እኮ።»

ሐመልማል ወደ ጋሽ ናሆም ዞረች። ከዛ ጀመረች፣ ለጋሽ ናሆም ነው የምትነግረው፣ በእናቷ አነጋገር፤ መኪናው፣ ድንኳኑ፣ ሙሽራው ተቆፍሮ ሲወጣ። «ሚዜው ግን» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። እናቷ የምትስቀው እዛ ጋ ነው። ሐመልማል ሳቁን ሞከረችው። አልሆነላትም።

«ሚዜው ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«አላውቅም» አለች ሐመልማል። «ሁሌ ስትስቅ ነው የምትናገረው።»

ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ድንኳን ማጠፍ ሲጀምሩ ሦስቱም አይተዋል።

መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ወለላ እንደ ሁልጊዜዋ በዛ በኩል አለፈች። ከእድሩ ግማሹ ሰላም አይላትም፣ ግማሹ ይላታል።

«ምድብ አሥራ አራት ደርሰዋል» አለ ምሰሶው።

ጥርት ያለ ድምፅ ነው። አያስልም።